የጆሮዬን ብረት ይዤ በቁሐር ውሃ ላይ

ከባሕር ዳር ከተመለስሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይጠይቁኛል፣ ገበያ መንገድ ላይ አስቁመው ይጠይቁኛል። ለሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስተርክ ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ ጻፍሁት። ጽሕፈቴ በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም ነገሩ አይጣመምም። እኛ ጉና ሥር ያለን ሰዎች አብዛኞቻችን ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን ሳናይ ነው የምንሞተው። ላልሄዳችሁትና ለማትሄዱት ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደ ሄድሁ። ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም። ቀኙ ደግሞ ብዙ ዓመት መግል ሲያወርድ ኖረ። በመጨረሻ ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን እያየሁ «እሺ፣ እሺ» የምል ሆንሁ። ቤቴ ውስጥ እንደ ምሰሶ ነበርሁ፤ ይዞሩኛል እንጂ አያወሩኝም። ባሕር ዳር ያለችው የጆሮ ሐኪም የልጅ ልጄን የምታህል ልጅ ናት። አየችኝና እንዲህ አለች፤ «አባቴ፣ የግራው ሥሩ ሞቷል፤ የሚረዳው የለም። ያለዎት አንድ ጆሮ ነውና ቀኙን መንካት እኔም እፈራለሁ። ካልነካሁት ግን መግሉ ወደ አንጎልዎ ይገባል።»

ግንቦት ላይ ቀደደችኝ። ጆሮ ውስጥ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፤ ድምፅ የሚቀባበሉት እነሱ ናቸው። አንዱን መግሉ በልቶ ጨርሶት ነበርና በእሱ ፈንታ ከገብስ ፍሬ የምታንስ ብረት አስገባችልኝ። ታይታኒየም ትባላለች። ብረቷ የጆሮዬን ስስ ቆዳ እንዳትበሳው ደግሞ ከራሴ ጆሮ ለስላሳውን አጥንት በስሱ ቆርጣ በላይዋ አነጠፈችባት። የበሬ ትከሻ እንዳይላጥ ከቀንበሩ ሥር ጨርቅ እንደምናደርገው ማለት ነው። ይህን ስትነግረኝ ልጅቱን ወደድኋት።

ቀጥላ ያለችኝን ግን አልወደድሁትም። «ሰውነትዎ ከለመዳት እስከ ዕለተ ሞትዎ አብራዎት ትኖራለች። ካልለመዳት ቀስ እያለ ይገፋታል። ውሃ እንዳይገባበት። ጆሮዎ መፍሰስ ከጀመረ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

እኔ ገበሬ ነኝ። እሾህ የገባበት እግር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይመግላል፣ አንድ ቀን እሾሁን ከመግሉ ጋር ይተፋዋል። ሥጋ የራሱ ያልሆነውን አይወድም።

ሁለት ወር ሰማሁ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ሚስቴ የሻረግ በጓዳ ውስጥ እኔን እንዴት እንደምታማኝም ሰማሁ፤ ለካ ሃያ ዓመት ስታማኝ ኖራለች። ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ጾሙ ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጠዋት ትራሴ ረጥቦ አገኘሁት። ገለበጥሁት። ሦስት ቀን እየገለበጥሁ ደበቅሁ። ካላየሁት ይተወኝ መስሎኝ ነው። በአራተኛው ቀን የሻረግ አገኘችው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ላብ ነው።»

«በጉና ብርድ? በአንድ ጆሮ በኩል ብቻ የሚያልበው ማነው?»

በማግስቱ ተነሣሁ።

ሰኞ።

ልጆቼ እንከተልህ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ። ሰው አብሮኝ ከሄደ የማልመለስ ይመስለኛል። የሻረግ ጆሮዬን በጥጥ ደፈነች፣ በጥጡ ላይ ፌስታል አደረገች፣ በፌስታሉ ላይ በሻሿ ጠምጥማ አሰረችው። ዝናቡ አልቆመም ነበር። ከቤታችን እስከ መኪና መንገድ ያለውን ዳገትና ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልተርክም። አንዴ ወደቅሁ። የወደቅሁት በግራ ጎኔ ነው፤ ተመስገን አልሁ።

ከደብረ ታቦር ወረታ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ አየኝና «አባባ፣ ጆሮዎን ሸጠው ነው በፌስታል የቋጠሩት?» አለኝ። መኪናው ሁሉ ሳቀ።

«ገና አልሸጥሁትም። ገዢ ካለህ ጥራ» አልሁት።

ቀልዴ ከአንገት በላይ ነበር። ዓለም በር ከተማን እንዳለፍን የመኪናው ጣሪያ ማንጠብጠብ ጀመረ። ጠብታው የሚወርደው በቀኜ በኩል ነው። ጠብ ባለ ቁጥር ነፍሴ ትዘላለች። ሰው ቦታ ይቀይረኝ ብዬ ጮህሁ። የሚሰማ ሰው ድምፁን ይመጥናል፤ እኔ ስፈራ እጮኻለሁ። አንድ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ወረታ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ተነሣና ቦታውን ሰጠኝ። ጃኬቱ እስኪበሰብስ ድረስ እኔ ቦታ ተቀምጦ ሄደ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ አልሰማሁትም። «እሺ» አልሁት። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ያ የድሮው «እሺ» ነበር የመጣብኝ።

ወረታ ስንደርስ ሙቀት ነው። ጋቢዬን ማን ይሸከምልኝ። እኛ ዘንድ ነሐሴ ላይ አጥንት ድረስ ይበርዳል፤ እነሱ በሸሚዝ ይሄዳሉ። በመንገዱ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ነው የተደረደረው፤ ገለባው እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ባጃጁ ብዛቱ! ጥሩንባውን ግን የሰማሁት እንደ ሩቅ ነበር፤ አንዱ ሊገጨኝ ደርሶ ሰው በክንዴ ጎተተኝ። እኔ ነኝ የራቅሁ ወይስ ባጃጁ እያልሁ አልጋ ቤት ገባሁ። በሽሮ እንጀራ በላሁ። እንጀራቸው ሩዝ የተደባለቀበት ነው፤ ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ግን ቶሎ ይሰባበራል። የእኛ የገብስ ዳቦ ሦስት ቀን መንገድ ይሸከማል፤ ይህ እስከ አፍ አይደርስም።

ማክሰኞ።

በጠዋት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ተሳፈርሁ። በግማሽ ቀን ሐኪሟ ዘንድ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ መኪናው ቆመ። ሁሉም ወረደ። እኔም ወረድሁ። ከፊታችን አስፋልት የለም። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ተሻግሮታል።

ይህን እንዴት ላስረዳችሁ? እኛ ዘንድ ውሃ ይሄዳል። ቢያስፈራም ያልፋል፤ ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ ሲነጋ ድንጋይ ብቻ ታያለህ። እዚህ ውሃ ይቀመጣል። ዳርቻ የለውም። በቀኝም በግራም ሩዙ ጫፉን ብቻ አውጥቶ ቆሟል። ከብቱ ከፍ ባለች ቦታ ላይ ተጠጋግቶ ውሃ ውሃውን ያያል። አንድ ኮረብታ እንኳ የለም ዓይን የሚያርፍበት። ሰው በዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ የት ነኝ ብሎ ያውቃል? እነሱ ግን በውሃው መካከል ጎንበስ ብለው ሩዛቸውን ያርማሉ፤ እየዘፈኑ መሰለኝ፤ አፋቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው መሻገር ጀመሩ። ውሃው እስከ ወገብ ነው። አንዱ ጉድጓድ ገብቶ እስከ ራሱ ሰጠመና ወጣ፤ ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም። እኔ በዚያ ጉድጓድ ብገባ ጆሮዬ ያበቃለታል። ሹፌሩ «አባባ፣ ተመልሼ ወረታ ልውሰድዎት?» አለኝ። እምቢ አልሁ። ከተመለስሁ የሻረግ ዘንድ እስክደርስ እንደማልቆም ራሴን አውቀዋለሁ። መኪናው ተመለሰ፤ እኔ ቀረሁ። ዝናብም ያን ጊዜ መጣ።

በመንገዱ ዳር አንድ ዳስ አየሁና ራሴን በእጄ ይዤ ሮጥሁ። ለካ የቀጥቃጭ ቤት ነው። ሰውዬው ወናፉን አቁሞ «ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ፣ ምነው ከደጅ ቆሙ?» አለኝ። ስሙ ስማቸው ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ሚስቱ ጥሩወርቅ ሸክላ ትሠራለች።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። እኛ አገር ከቀጥቃጭና ከሸክላ ሠሪ ቤት አይበላም። ለምን እንደማይበላ ለእናንተ መንገር አያሻኝም፤ ሁላችሁም የምትሉትን ትላላችሁ፣ እኔም ስል ኖሬአለሁ። ዓይናቸውን ፈራሁ። የታመመ ጆሮ ይዤ፣ የታሰረ ራስ ይዤ፣ በእነሱ ቤት! «ምሳ ላቅርብልዎ» አለችኝ ጥሩወርቅ። «ጾመኛ ነኝ፤ ቆራቢ ነኝ» አልኋት። እውነት ነው። ከየሻረግ ጋር በእርጅናችን ቆርበናል። ጾሙን እንደ ጋሻ ይዤው ተቀመጥሁ።

ጾሙ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቀኝ። ጥሩወርቅ ይህን ታውቃለች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጅ የሚያስታጥብ ውሃ ይዛ ከፊቴ ቆመች። የሽንብራ አሳና ጎመን፣ ትኩስ እንጀራ። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። በልቤ አማትቤ ቆረስሁ። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። ምንም አልሆንሁም። በሦስተኛው ረኃቤን አወቅሁት። ስማቸው «ይጉረሱ እንጂ፣ እንደ ሙሽራ ምን ያሽኮረምምዎታል?» እያለ በእጁ አጎረሰኝ። የወጡ ጣዕም እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። የሽንብራ አሳ እንዲህ አድርጋ የምትሠራ እኛ አገር የለችም። የሻረግ ይህን ስታነቡላት ትሰማለች፤ ትስማ።

ረቡዕ።

ውሃው አልጎደለም። ጆሮዬ ግን ከትናንት ይልቅ ደነዘዘ። ስማቸው ብረት ሲቀጠቅጥ ከአጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ መዶሻው ሲወርድ አያለሁ፣ ድምፁ ከመሬት ሥር እንደሚመጣ ነው። ጥጡን አውጥቼ አየሁት። ቢጫ ነበር። በጣቴ አሸሁት፤ ብረቷ ወጥታ እንደሆነ ፈለግሁ። ከገብስ ፍሬ የምታንስ ነገር ጭቃ ወለል ላይ ብትወድቅ ማን ያገኛታል? ጎንበስ ብዬ ወለሉን ስዳብስ ጥሩወርቅ አየችኝ።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም።»

ወደ ጓዳ ገባችና ጀሪካን ይዛ ወጣች። ጆሮዬ እንዲሰማ ጠጋ ብላ ጮኸች። «አያ ታከለ፣ ይኸ የወንዛዬ ፍል ውሃ ነው! ክረምቱ ሳይገባ ሄጄ የቀዳሁት! ለጆሮ እሱን የሚያህል የለም! ሞቅ አድርጌ ጠብ ላድርግልዎ!»

«አይሆንም» አልሁ።

«የባሌ አጎት ጭኑ ውስጥ ጥይት ነበረው። ሰባት ቀን ወንዛዬ ተነከረ፤ በስምንተኛው ቀን ጥይቱ በራሱ ወጣ። በሰውነት የገባን ነገር ሁሉ ጎትቶ ያወጣል!»

ይህን ስሰማ ተነሥቼ ቆምሁ። «አታምጭብኝ! ወዲያ በይው!» ብዬ ጮህሁ። እጄን ሳወናጭፍ ጀሪካኑን መታሁት፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን አቃናች። ከዚያ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ የሰማሁት በከንፈሯ ነው። «ከእጄ በልተው የለም እንዴ ትናንት? ውሃዬ ነው የሚያስፈራዎ ወይስ እኔ?»

ያች ቃል ከጆሮዬ በላይ አመመችኝ። ግማሹ እውነት ነበራ። ትናንት ጾም ነኝ ብዬ የተደበቅሁት ከማን ነው? ዛሬ ግን ፈርቼ የነበረው እሷን አልነበረም። ይህን እንድታምነኝ መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ተቀመጥሁና ከሚስቴና ከልጆቼ በቀር ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋቸው። ብረት አለችኝ አልሁ። አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ አልሁ። ሰውነቴ ሊገፋት ጀምሯል መሰለኝ፤ ያንቺ ውሃ የገባን የሚያወጣ ከሆነ እኔ እንድትወጣብኝ አልፈልግም፣ እንድትቀር ነው የምፈልገው አልሁ።

ጥሩወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ በሞትሁት! እኔ እኮ ላወጣብዎ ነበር!» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ወዲያው ቆመ።

ስማቸው መዶሻውን አስቀመጠ። «ምን ዓይነት ብረት ነው?»

«ታይታኒየም።»

«አላውቀውም። ይዝጋል?»

«አይዝግም ብላለች።»

«የማይዝግ ብረት እኔ አላየሁም» አለና የእኔን ፊት ሲያይ ደነገጠ። «እኔ የማውቀው ማረሻና ማጭድ ነው አባቴ፤ የእኔን አይስሙ።» ከዚያ ቀኝ መዳፉን ዘረጋልኝ። ከአውራ ጣቱ ሥር በቆዳው ውስጥ እንደ ተልባ ፍሬ ያለ ጥቁር ነገር አለ። «ንካው» አለኝ፤ በዚያች ቃል እርስዎ ማለቱን ረስቶት ነበር። ነካሁት። ጠንካራ ነው፤ ከሥር ይንሸራተታል።

«ፍንጣሪ ነው። ስቀጠቅጥ ተፈናጥሮ ገባ። ይኸው ሃያ ዓመቱ።»

«አያምህም?»

«ሲበርድ ቀድሞ እሱ ይቀዘቅዛል። ሌላ ምንም። ሥጋዬ ሸፍኖት ተቀመጠ።»

ልቤ ትንሽ መለስ አለች። ሰውዬው ግን ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። የዚያኑ እጅ ሌላ ጣት አሳየኝ፤ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለበት። «ይኸም በዚያው ቀን፣ ከዚያው ብረት የገባ ፍንጣሪ ነበር። ይኸ ግን በሦስተኛው ወር በመግል ወጣ።»

«ብረቱ አንድ፣ እጁ አንድ። አንዱን ለምን ተወው፣ አንዱን ለምን ገፋው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ? እጄም አልነገረኝ።»

ጣቴን አጥፌ ቆጠርሁ፤ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ብረቷ ከገባች ሦስተኛ ወሯ ነበር።

ሐሙስ።

ውሃው እስከ ጉልበት ወርዷል፤ ግን መንገዱን የሚሸፍነው እስከ ሩቅ ነው። «በእግሬ እሻገራለሁ» አልሁ። ስማቸው «ወድቀው ሰጥመው ለሚስትዎ ምን ልበል? አይሆንም» አለ። ወጥቶ ሦስት ጎረቤቶቹን ይዞ መጣ፤ ቃሬዛም ይዘዋል። በሽተኛም አስከሬንም የሚሸከሙበት ያው ነው። እምቢ አልሁ። እንኳን ተኝቼ ቆሜም ቃሬዛ አልወድም። ጥሩወርቅ መጣችና ጆሮዬን በአዲስ ጥጥ ደፍና አሰረችልኝ። ከዚያ በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ ቃሬዛው ላይ አስቀመጠችኝ። «ይተኙ» አለችኝ። እንደ ልጅ ተኛሁ።

አራት ሰው ተሸክሞኝ በውሃው መካከል ሄድን። ሰማዩን ብቻ ነው የማየው። ከማዶ የሚሻገሩ ሰዎች ሲያዩን ቆመው ቆባቸውን አወለቁ። አንዱ «ነፍስ ይማር፤ ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጮኸ፤ ይህን በስንት መከራ ሰማሁት። ቀና ብዬ «እስካሁን ማንም አልሞተም!» አልሁ። ሰውዬው ደንግጦ ውሃ ውስጥ ተቀመጠ። ተሸካሚዎቹ ሲስቁ ቃሬዛው ወዲያ ወዲህ አለ፤ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ «አትሳቁ! በማርያም አትሳቁ!» እያልሁ ተሻገርሁ። ማዶ ሲያደርሱኝ ስማቸው እስከ ጭኑ በስብሶ ነበር። መኪና ፈልጎ አሳፈረኝ። ከመንገድ ዳር ቆሞ ያንን መዳፉን አንሥቶ አሳየኝ፤ ፍንጣሪው ያለችበትን።

ባሕር ዳር ደረስሁ። ሐኪሟ ሥራ ልትጨርስ ስትል ነው የደረስሁት። ፌስታሉን፣ ሻሹን፣ ጥጡን አንድ በአንድ ፈታችና አልሳቀችም። በትልቁ መነጽር ጆሮዬን ማየት ጀመረች። መግሉን በቀጭን ቱቦ ስትመጥ ድምፁ ጎርፍ ነው፤ ዓለም ዞረብኝ፤ አልጋውን ጨብጬ ያዝሁ። ጨረሰች። አሁንም ታያለች።

«አለች?» አልሁ።

«አለች፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ግን በላይዋ ያነጠፍሁት ልባስ በአንድ ጥግ ሳስቷል። ከአጠገቡ፣ በጆሮዎ ስስ ቆዳ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳም አልተዘጋችም።» ከዚያ ወደ ፊቴ ዞረች። «ጠብታ ሰጥቼዎት ነበር። ያደርጉት ነበር?»

«ጾሙ እስኪገባ አድርጌአለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አቆምሁ።»

«ለምን?»

«ጾም ነዋ።»

«በጆሮ የሚገባ ጾም ያስገድፋል እንዴ አባቴ?»

«በጆሮ ገብቶ በጉሮሮዬ ይወርዳል። ይመረኛል። ጠዋት መድኃኒት ውጬ እንዴት ሥጋ ወደሙ እቀበላለሁ?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሯን አስጠግታ በግልጽ እንድሰማ ቀስ ብላ፣ ከፍ አድርጋ ነገረችኝ። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስድ መንገድ አለ። ቀዳዳዋ ክፍት ስለሆነች ነው ጠብታው ወደዚያ የሚወርደው። «ሰውነትዎ ብረቷን አልጠላትም። አብሯት እየኖረ ነበር። ያስቆጣው መግሉ ነው። መግሉ ከቆየ ግን ልባሱን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ብረቷንም አብሮ ይገፋታል። ጠብታውን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ሁለት ሳምንት። ምሬቱ ከጉሮሮዎ የቀረ ቀን ቀዳዳዋ ተዘጋች ማለት ነው።»

«ትዘጋለች?»

«አላውቅም» አለች።

ሦስት ወር ሙሉ ብረቷን ስፈራ ከርሜ ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ሰውነቴ ሊቀበላት የእንግዳ ቤት አሰናድቶ ነበር፤ በሩን ክፍት የተውሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ።

ስመለስ ቁሐር ላይ ወረድሁ። ውሃው ከአስፋልቱ ላይ ሸሽቷል፤ ጭቃና የሞተ እንቁራሪት ትቶ ሄዷል። ለጥሩወርቅ ስኳርና ሳሙና ገዝቼላት ነበር። «አለች ብላለች» አልኋቸው። ጥሩወርቅ እልል ስትል «ቆይ፣ ገና ነው» ብዬ አስቆምኋት። ጠብታዬን በእጇ አደረገችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነበር። መራራው ጉሮሮዬን ሲነካ ጾሜ ሄደ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ስማቸው እንባዬ የሕመም መስሎት ነበር። እኔም አላረምሁትም።

ቅዳሜ።

ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ነገሩን ሰሙኝና «መድኃኒት ነው፤ አድርገው። በምታደርግበት ቀን ግን አትቆርብም» አሉኝ። ጾሙ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ በዓሉም አለ። በእኔ ዕድሜ አምስት ቀን ቀላል አይደለም። በዚህ መካከል ብሞትስ? አልሁ። «እግዚአብሔር ጆሮህን ያየዋል» አሉኝ። አባታችን ለማጽናናት ነው ያሉት። እኔ ግን አልጽናናሁም።

በዓሉ ቀን የሻረግ ልትቆርብ ስትቀርብ እኔ ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር ቀረሁ። ከልጅ እስከ ሽማግሌ አልፎኝ ሄደ። አንዱ «ምነው አያ ታከለ፣ ምን ሠርተህ ነው?» ብሎ ጠቀሰኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ከጉዞው አይቆጠርም፤ ግን ከእሱ የወጣ ነውና ልጨምረው። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ በግራ ጎኔ እተኛለሁ። የሻረግ ጠርሙሷን በመዳፏ አሙቃ ጠብታውን ታደርጋለች። እኔ ምሬቱን እጠብቃለሁ። ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ስማቸው ያሳየኝ ያ የጎደጎደው ጠባሳ ይታየኛል፤ ሦስተኛው ወር አልፎ አራተኛው ሊገባ ነው። ፈሳሹ ቀነሰ፤ ትራሴ ደረቀ፤ ምሬቱ ግን አለ።

ዛሬ ጠዋትም ተኛሁ። አደረገችልኝ። ፊቴን አጨማድጄ ጠበቅሁ።

«ምነው ዛሬ ምራቅህን አልዋጥህም?» አለችኝ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ምላሴን ወደ ጉሮሮዬ መልሼ ፈለግሁት። ምራቄ የራሴ ምራቅ ነበር።

«መረረህ?»

ለመናገር ፈራሁ። ጠብታው እንዳይፈስ ራሴን ሳላነሣ እጇን ያዝሁትና ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ አልተነቃነቅሁም።